ለክሮፕ ካሜራ አንድ ሌንስ፤ 17-50 ላይ እንዴት እንደደረስኩ

ካሜራ በገዛችሁ በሳምንቱ «ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 አይረባም» የሚል ወሬ መስማታችሁ አይቀርም። እኔ በዚህ አልስማማም። (18-55 ማለት ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚዞም ሌንስ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባል፣ ሲበዛ ሩቁ ይቀርባል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ ይባላል።) የካኖኑ 18-55 ኤስቲኤም 205 ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው፣ ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ) አለው፣ በቀን ብርሃን ውጭ ላይ ኤፍ 8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ፣ የአፐርቸሩ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን ይበዛል) አድርጋችሁ ያነሳችሁትን ፎቶ አሳትማችሁ ብትሰቅሉት በውድ ሌንስ ከተነሳው ለይቶ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። እኔም ሌንስ ልቀይር ያልኩት ኪት ሌንሱ ስላስጠላኝ ሳይሆን ሥራዬ ከሜዳ ወደ ቤት ስለገባ ነው። በካኖን 700ዲ (ክሮፕ ካሜራ ነው፤ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰሩ ፉል ፍሬም ከሚባሉት ካሜራዎች ያነሰ ነው) መጀመሪያ የማነሳው ምርቃትና ሽርሽር ነበር። ቀስ በቀስ ሽምግልና፣ ክርስትና፣ ቀለበት፣ መልስ እያለ መጣ። እነዚህ ደግሞ ጠባብ ሳሎን ውስጥ፣ ባለችው መብራት የሚነሱ ናቸው። ተራራና ወፍ የሚያነሳ ሰው ከዚህ በታች ከምጽፈው ግማሹ አይመለከተውም።

ሱቅ ከመሄዴ በፊት የቆዩ ፎቶዎቼን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሱ አየሁ። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ያለው ሰው ከላይ ሜታዳታ የሚለውን ነክቶ ፎካል ሌንግዝን ቢመርጥ በየቁጥሩ ስንት ፎቶ እንዳለው ተደርድሮ ይመጣለታል። ላይትሩም የሌለው ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ፎልደሩን በዲቴይልስ ከፍቶ ፎካል ሌንግዝ የሚለውን ዓምድ ይጨምር። የኔ ፎቶዎች ሁለቱ ጫፍ ላይ ነበር የተከመሩት፤ 18 ላይ ብዙ፣ 55 ላይ ብዙ፣ መሃሉ ሳሳ ያለ። 18 ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ስመለከት አብዛኞቹ የቤት ውስጥ ናቸው፣ ጠርዙ ላይም የተቆረጠ ትከሻ ወይ ግማሽ ፊት አለ። 55 ላይ ያሉት የፊት ፎቶዎች ናቸው። በቀን የተነሱት ደህና ናቸው፤ የማታዎቹ ግን አይኤስኦ (ብርሃን ሲያንስ ከፍ የሚደረገው የካሜራው ቁጥር) 6400 ደርሰው ቆዳው ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል።

ይህን ካየሁ በኋላ ነገሩ ቀለለኝ። 55 ላይ የተከመሩት ፎቶዎች መጀመሪያ ሲታዩ «ረጅም ዙም ያስፈልገኛል» ያስብላሉ። ገባ ብዬ ሳይ ግን ያስቸገረኝ ርቀት አልነበረም፤ የፈለግኩት ፊት ፍሬሙ ውስጥ በደንብ ገብቷል፣ የጠፋው ብርሃን ነው። ስለዚህ 18-135ም 18-200ም ከዝርዝሬ ወጡ። ሁለቱም ርቀት ይጨምራሉ፣ ጫፋቸው ላይ ግን ያው ኤፍ 5.6 ናቸው። 18-135 ኤስቲኤም ለቪዲዮ እጅግ ምቹ ሌንስ መሆኑን ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ፎከሱ ድምፅ አያሰማም፣ እንደ 70ዲ ያለ ካሜራ ላይ ሰውን ለስለስ ብሎ ይከተላል።

አብሬያቸው የምሠራ አንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺ አሉ። ካኖን 24-105 ኤፍ 4 ኤል፣ ያቺን የካኖን ውድ ሌንሶች ምልክት የሆነች ቀይ ቀለበት ያላትን፣ አውሰውኝ ነበር። ቀይ ቀለበት እኛ ሰፈር ትልቅ ክብር አለው፤ ደንበኛም ያውቀዋል። ይዤው የሄድኩት ሽምግልና ላይ ነበር፣ የልጅቷ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ። ሽማግሌዎቹ ባለ ሦስት መቀመጫው ሶፋ ላይ ሦስት፣ ከጎኑ ባለ አንዱ ላይ አንድ፣ ከማዶ ዱካ ላይ ደግሞ አንድ ሆነው ተቀምጠዋል። እኔ ጀርባዬን ቡፌው ላይ ለጥፌያለሁ፤ ብርጭቆው ከኋላዬ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲያ የምሄድበት ቦታ የለም። በ24 ሳይ ሦስቱ ሶፋ ላይ ያሉት ገብተዋል፣ በጎን የተቀመጡት አባት ግን ከጉልበታቸው በቀር አይታዩም። ወዲያው ኪት ሌንሱን መልሼ ሰካሁና 18 ላይ አነሳኋቸው።

ሌንሱን ስመልስ «ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ሌንስ ነው፣ ግን ቤት ውስጥ አልበቃኝም» አልኳቸው።

«እኔ እኮ ፉል ፍሬም ላይ ነው የምሰካው ልጄ። ያንተ ካሜራ ዳር ዳሩን ቆርጦ ነው የሚያየው።»

«ወደፊት ፉል ፍሬም ብገዛስ ብዬ ነበር…»

«ያኔ ይሄን ሸጠህ ያኛውን ትገዛለህ። አሁን ለያዝከው ካሜራ ግዛ።»

ነገሩን በቁጥር ለማየት ቀላል መንገድ አለ። የካኖን ክሮፕ ሴንሰር ስፋቱ 22.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የፉል ፍሬም ደግሞ 36። የሴንሰሩን ስፋት ለሌንሱ ሚሊ ሜትር አካፍላችሁ በቆማችሁበት ርቀት ስታባዙት ከወዲያ ምን ያህል ስፋት እንደሚገባላችሁ ታገኛላችሁ። ሦስት ሜትር ርቃችሁ በ24 ብታነሱ 2.8 ሜትር ይገባል። በ18 3.7፣ በ17 3.9፣ በ15 ደግሞ 4.5 ሜትር ገደማ። ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ብቻውን ሁለት ሜትር አካባቢ ነው፤ ከጎኑ አንድ ወንበር ሲጨመር 2.8ቱ አለቀ ማለት ነው። ፉል ፍሬም ላይ ያው 24 ግን 4.5 ሜትር ያስገባል። 24-70 ወይም 24-105 ለክሮፕ ካሜራ እንደ ዋና ሌንስ ይሁን ሲባል የማልቀበለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ ሰፊ ሌንስ ካላችሁ፣ ወይም የምትሠሩት ሰፊ ስቱዲዮ ውስጥ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። በብርሃንም ቢሆን ኤፍ 4 ከኪት ሌንሱ የሰፊው ጫፍ፣ ከ3.5 ማለት ነው፣ ያነሰ ነው፤ እኔ ላለሁበት ሳሎን ከእጅ አይሻል ዶማ ነበር።

በነገራችን ላይ በካኖን ኢኤፍ-ኤስ የሚባሉት ሌንሶች፣ ለክሮፕ ብቻ የተሠሩት፣ እንደ 6ዲ ያለ ፉል ፍሬም ላይ አይገቡም። «ነገ ካሜራ ስቀይር ይቀርብኛል» ብሎ የሚሰጋ ሰው ስጋቱ እውነት ነው። ግን ያገለገለ ሌንስ በደንብ ከተያዘ ብዙ ዋጋ አያጣም፤ ካሜራው ራሱ ነው ቶሎ የሚረክሰው።

ወደ ብርሃኑ ልመለስ። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 2.8 ሁለት ስቶፕ ነው፣ አራት እጥፍ ብርሃን። ማታ አንድ አምፖል በበራበት ሳሎን ኪት ሌንሱን 55 ላይ አድርጌ በ1/60 ሰከንድ የሸተር ፍጥነት ለማንሳት አይኤስኦ 6400 ከጠየቀኝ፣ ኤፍ 2.8 ላይ 1600 ይበቃኛል ማለት ነው። ወይም 3200 አድርጌ ሸተሩን 1/125 አደርሰዋለሁ። 700ዲ በ1600 ጥሩ ነው፣ 3200 ላይ ይቻላል፣ 6400 ላይ እኔ ለደንበኛ መስጠት አልወድም። ስታቢላይዘር ይህንን አይተካም። ስታቢላይዘር የእናንተን እጅ መንቀጥቀጥ ነው የሚያረጋጋው፤ እስክስታ የሚመታውን ትከሻ አያቆመውም። እስክስታ ላይ ቢያንስ 1/250 ካልሆነ ፊቱ ጥርት ብሎ ትከሻው ጭስ ይሆናል፣ ያንን ደግሞ የሚሰጣችሁ ወይ ኤፍ 2.8 ወይ ፍላሽ ነው።

ፍላሽ ለምትጠቀሙም አፐርቸሩ የማይለዋወጥ መሆኑ ብዙ ያቃልላል። እኔ ፍላሹን ወደ ኮርኒስ አዙሬ በማኑዋል ነው የምሠራው፤ ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ብርሃኑ ከላይ ለስለስ ብሎ ይወርዳል። ኪት ሌንሱ ግን 18 ላይ ኤፍ 3.5 ላይ አስተካክዬ ወደ 55 ስስበው በራሱ ጊዜ 5.6 ይሆናል፣ ፎቶው ላይ ያለው ብርሃንም ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሙሽራዋ ኬክ ልትቆርስ ቢላ አንስታ ሳለ የፍላሽ ቁልፍ መነካካት አይመችም። ቪዲዮ ስትቀርጹም እንዲሁ፣ ዙም ስታደርጉ ምስሉ እየጨለመ ይሄዳል። ባለ ቋሚ 2.8 ሌንስ ከዳር እስከ ዳር ያው ነው።

ስለዚህ የምፈልገው ከ17 ወይም 18 የሚጀምር፣ እስከ 50 አካባቢ የሚደርስ፣ ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ነው። ለካኖን የክሮፕ ካሜራ የሚሆኑት ጥቂት ናቸው፤ ይሁንና ሱቅ ስገባ የዓይን አዋጅ ሆኖብኝ ነበር።

የካኖን የራሱ 17-55 ኤፍ 2.8 አይኤስ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ፎከሱ ፈጣንና ጸጥ ያለ ነው፣ 645 ግራም ይመዝናል፣ ፊቱ 77 ሚሊ ሜትር ፊልተር ይወስዳል። ገንዘብ ባይቸግረኝ እሱን እገዛ ነበር፣ መሸፋፈን አያስፈልግም። ሁዱን (ከሌንሱ ፊት የሚሰካውን የብርሃን መከላከያ) ግን ካኖን ለብቻው ነው የሚሸጠው፤ ያገለገለ ስትገዙ አብሮ መኖሩን ጠይቁ። ታምሮን 17-50 ኤፍ 2.8 ሁለት ዓይነት አለ። ቪሲ (የታምሮን ስታቢላይዘር) የሌለው የመጀመሪያው 434 ግራም ስለሆነ ለአንገት ይመቻል፣ በዋጋም ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው፣ ሞተሩ ግን ድምፅ ስላለው ቪዲዮ ላይ ይሰማል። ቪሲ ያለው ክብደቱም ዋጋውም ከፍ ይላል። ሲግማ 17-50 ኤፍ 2.8 ኦኤስ በ2010 የወጣ ሲሆን 565 ግራም ነው፣ ስታቢላይዘር አለው፣ ሁዱ ከካርቶኑ ውስጥ ይወጣል፣ ዋጋውም ከካኖኑ በደንብ ያነሰ ነው።

ሲግማ 18-35 ኤፍ 1.8ን ብዙ ቪዲዮ አንሺ በሕልሙ ያየዋል። ምስሉ ያማረ ነው፣ አይካድም። ግን 810 ግራም ነው፣ ስታቢላይዘር የለውም፣ 35 ላይ ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆማችሁ ወደ ካህናቱ መጠጋት በማትችሉበት ሰዓት 35 አያደርሳችሁም። ካኖን 15-85 ደግሞ 15 ላይ መጀመሩ ያጓጓል፤ ሥራዬ የጉዞና የውጭ ቢሆን ኖሮ ያለምንም ማመንታት እሱን ነበር የምወስደው። 85 ላይ ኤፍ 5.6 መሆኑ ነው ከእኔ ያለያየው። ሲግማ 17-70 ኤፍ 2.8-4 መሃል ሰፋሪ ነው፤ እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ለቀለበትና ለጌጣጌጥ ፎቶ ከሁሉም ይበልጣል።

የወሰድኩት ሲግማ 17-50ን ነው፣ ያገለገለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አዲስ ሌንስ በብር ሲሰላ ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አልሆነም፤ አብዛኛው ሰው ያገለገለ ነው የሚያገላብጠው። ስለዚህ እንዴት እንደምፈትሽ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ። በሻጩ ካሜራ ላይ ጥርት ያለ ሌንስ የእናንተ ላይ ፎከሱ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ሊስት ይችላል። 70ዲ ላይ ይህን ከሜኑ ማስተካከል ይቻላል፣ 700ዲ ላይ ግን የለም፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የተስማማችሁን ነው መውሰድ ያለባችሁ። አፈታተሹ እንዲህ ነው። ጽሑፍ ያለበት ነገር፣ ካርቶንም ቢሆን፣ አቁሙና 50 ላይ ኤፍ 2.8 አድርጋችሁ በቪውፋይንደር (በዓይን ማያው ቀዳዳ) በመሃለኛዋ ነጥብ አንሱት። ቀጥሎ በላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያያችሁ) ያንኑ ድገሙት። የላይቭ ቪው ፎቶ ጥርት ብሎ የቪውፋይንደሩ ከደበዘዘ ሌንሱና ካሜራችሁ አልተግባቡም። ሁለቱም ከደበዘዙ ችግሩ ሌንሱ ጋ ነው።

ቀጥሎ ወደ ውጭ ውጡና የቆርቆሮ አጥር ፈልጉ። ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ 17 ላይ ኤፍ 2.8 አንሱ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ግራና ቀኙን አወዳድሩ። የቆርቆሮው ሽንተረር ዳር ላይ ትንሽ ቢለሰልስ ጤናማ ነው፣ ሁሉም 2.8 ሌንስ ሰፊው ጫፍ ላይ እንደዚያ ነው፣ ኤፍ 4 ወይም 5.6 ስታደርጉት ይጠራል። ግራው ጥርት ብሎ ቀኙ ጭጋግ ከሆነ ግን ውስጡ ያለው መስታወት ተዛንፏል፣ ወድቆ የተነሳ ሊሆን ይችላል። ተዉት።

ኤፍ 8 ላይም አንሱበት። ሻጭ ሲያሳያችሁ አብዛኛውን ጊዜ አፐርቸሩ ተከፍቶ ነው፤ ውስጡ ያለው ስስ ኬብል የተጎዳ ሌንስ ደግሞ 2.8 ላይ ምንም ሳይመስል ይሠራና አፐርቸሩ መዘጋት ሲኖርበት ካኖን ላይ «ኤረር 01» ይላል። ዙሙን ከ17 እስከ 50 እያንቀሳቀሳችሁ በየቦታው ሞክሩት። ይህን ፈተና ያላለፈ ሌንስ አንድ ሱቅ ውስጥ ገጥሞኝ ነበር። ሻጩ «ኮንታክቱን በመሐረብ ጥረገው» አለኝ፤ ጠረግኩት፣ ያው ነው፣ አመስግኜ ወጣሁ።

በመጨረሻ የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብርታችሁ ከፊት እዩ። ጥቂት አቧራ ፎቶ ላይ አይወጣም፣ አትጨነቁበት። የሸረሪት ድር የሚመስል ነጭ ክር ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ ምንም ቢረክስ አትግዙ። የፊቱ መስታወት ላይ አንዲት ጭረት ዋጋ ለመከራከር ታገለግላለች እንጂ ብዙ አትጎዳም፤ የኋላው መስታወት ላይ ከሆነች ግን ትጎዳለች።

ሌንሱን ለመልመድ ሁለት ነገር አስቸግሮኝ ነበር። ኦቶ ፎከስ ሲሠራ የፎከሱ ቀለበት አብሮ ይዞራል፤ ጣቴን እዚያ ላይ የማሳረፍ ልማድ ስለነበረኝ እንቅፋት ሆነብኝ። አሁን ግራ እጄ ከታች የዙሙን ቀለበት ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለተኛው 2.8 ስላለ ብቻ ሁሉን ነገር በ2.8 የማንሳት ፈተና ነው። 50 ላይ በኤፍ 2.8 ከሦስት ሜትር ስታነሱ ጥርት የሚለው ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሙሽሮቹ ከፊት፣ ሚዜዎቹ ከኋላ ከቆሙ ሚዜዎቹ ይደበዝዛሉ፤ እነሱም ፎቶውን ሲያዩ ዝም አይሉም። ለሁለት ረድፍ ኤፍ 5.6 አድርጌ ፍላሹን ከፍ አደርጋለሁ።

እጅ ያጠረው ሰው ኪት ሌንሱን ይዞ የካኖንን 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ቢጨምር ከሁሉም ባነሰ ዋጋ የማታ የፊት ፎቶ ችግሩን ይፈታል። 160 ግራም ናት፣ ክሮፕ ላይ እንደ 80 ትሆናለች። የጠባቡን ሳሎን ችግር ግን አትፈታም።

ኒኮን ለያዛችሁ፣ የ3000ና የ5000 ተከታታይ ካሜራዎች፣ እንደ ዲ3200 እና ዲ5300 ያሉት፣ ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። ሞተር የሌለው አሮጌ ሌንስ ከሰካችሁባቸው በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የምታደርጉት፤ የመጀመሪያው ታምሮን 17-50 ለኒኮን ሞተር ያለውም የሌለውም ስለተሠራ ጠይቁ። ሶኒና ፉጂ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) የያዛችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ዲሲ ዲኤን 290 ግራም ገደማ ብቻ ነው፣ ስታቢላይዘር የለውም እንጂ። ታምሮን 17-70 ኤፍ 2.8 ደግሞ ስታቢላይዘሩም አለው፣ 525 ግራም ነው። አርኤፍ የሚባል መሰኪያ ላላቸው ለአዲሶቹ የካኖን ክሮፕ ካሜራዎችም ያው ሲግማ 18-50 በ2024 ወጥቷል።

እዚህ ላይ ከውጭ ዘመድ የሚያስመጣ ሰው ይጠንቀቅ። ሲግማ 17-50 ኤፍ 2.8 ኢኤክስ ዲሲ ኦኤስ እና ሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ዲሲ ዲኤን በስም የተቀራረቡ፣ በመሰኪያ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው 700ዲ ላይ በምንም አይገባም። የመጀመሪያውም ቢሆን ለካኖን፣ ለኒኮን፣ ለሶኒና ለፔንታክስ ተለያይቶ ተሠርቷል፣ ከፊት ሲታይ ሁሉም አንድ ነው። አንድ ወዳጄ እህቱ ከዱባይ ያመጣችለት የኒኮኑ ሆኖ መልሶ መሸጥ ነበረበት። ዘመዳችሁ ፎቶ አንሺ ካልሆነ «ለካኖን» ብላችሁ አትተዉት፤ «ለካኖን ኢኤፍ» (የ700ዲ ዓይነት መሰኪያ ማለት ነው) በሉ፣ የካሜራችሁንም ሞዴል ጻፉለት። ሱቅ ውስጥ እያለ የካርቶኑን ጎንና የሌንሱን የኋላ መሰኪያ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ፤ እናንተ አይታችሁ እሺ ካላችሁ በኋላ ይክፈል።